«ለጉልበት» የሚወሰደው ቢ ቫይታሚን በእርግጥ ምን ይሠራል?

መድኃኒት ቤት ባንኮኒ አጠገብ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፤ «ድካም ድካም እያለኝ ነው፣ ቢ ኮምፕሌክስ ይኖራችኋል?» የሚል። ጠያቂዋ ፈተና የደረሰባት ተማሪ ልትሆን ትችላለች፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር፣ እግሩን የሚያደነዝዘው የስኳር ታካሚ ወይም ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላት እናትም ልትሆን ትችላለች። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የሁሉም ችግር ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ኪኒኑ አይበቃኝም ብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣውን ቀይ መርፌ ይመርጣል፤ ቀይ ነገር ደም ይተካል የሚል ያልተነገረ እምነትም ያለ ይመስለኛል። የመርፌው መቅላት ግን ከደም ጋር አይገናኝም። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በመካከሉ ኮባልት የተሰኘውን ማዕድን አቅፎ ስለያዘ በተፈጥሮው ቀይ ነው።

ቢ ቫይታሚኖች ለሕይወት አስፈላጊ ስለመሆናቸው ጥርጥር የለም። «ጉልበት ይሰጣሉ» የሚለው አነጋገር ግን ነገሩን ያዛባዋል። ጉልበት የሚሰጡት እንጀራው፣ ወጡ፣ ዘይቱና ሥጋው ናቸው፤ ካሎሪ ያለው በእነርሱ ውስጥ እንጂ በቫይታሚኑ ውስጥ አይደለምና። የወፍጮ ቤት ምሳሌ ነገሩን ያቀለዋል። እህሉ የምንበላው ምግብ ነው፤ የሚወጣው ዱቄት ሰውነታችን የሚሠራበት ኃይል ነው፤ ቢ ቫይታሚን ደግሞ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ጆንያ እስከ ደጃፍ ቢከመርም አንዲት እፍኝ ዱቄት አይወጣም። ቺንጋው ደህና ከሆነ ግን ሌላ አሥር ቺንጋ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ወፍጮውን አያፈጥነውም። ስለዚህ የቫይታሚን እጥረት ላለበት ሰው ኪኒኑ ወይም መርፌው ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እጥረት ለሌለበት ሰው ግን የሚጨምርለት ጉልበት የለም። ድካሙ የመጣው ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከብረት ማዕድን እጥረት፣ ከታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ከስኳር ወይም ከጭንቀት ከሆነ የተበጠሰው ቺንጋ ሌላ ቦታ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጡት የኃይል መጠጦች የቢ ቫይታሚን ዝርዝር በጎናቸው ቢያትሙም የሚያነቃቁት በካፌይናቸውና በስኳራቸው ነው።

ቢ ቫይታሚን አንድ ንጥረ ነገር አይደለም፤ ስምንት ናቸው፦ ቢ1 ወይም ታያሚን፣ ቢ2 ወይም ራይቦፍላቪን፣ ቢ3 ወይም ናያሲን፣ ቢ5 ወይም ፓንቶቴኒክ አሲድ፣ ቢ6 ወይም ፓይሪዶክሲን፣ ቢ7 ወይም ባዮቲን፣ ቢ9 ወይም ፎሌት፣ እና ቢ12 ወይም ኮባላሚን። በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት የተፈጠረው፣ በአንድ ወቅት ቫይታሚን ናቸው ተብለው ቁጥር የተሰጣቸው አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ወይም ቀድሞ ከታወቀ ሌላ ቫይታሚን ጋር አንድ መሆናቸው ኋላ ሲታወቅ ከዝርዝሩ በመውጣታቸው ነው። ስምንቱን አንድ ላይ የሚያስጠራቸው ሁሉም በውኃ የሚሟሙ መሆናቸውና ኢንዛይም ለሚባሉት የሰውነት ሠራተኞች ረዳት ሆነው ማገልገላቸው ነው። በውኃ ስለሚሟሙም ትርፋቸው በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ቢ ኮምፕሌክስ የዋጠ ሰው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ሲሆን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይላል፤ የሚያየው ግን ሰውነቱ ያልፈለገውን ራይቦፍላቪን ሲያስወግድ ነው።

ክምችታቸውም እኩል አይደለም፤ ነገሩን ለመረዳት ደግሞ ይህ ቁልፍ ነው። ሰውነት የሚያጠራቅመው ታያሚን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ይበቃል። ፎሌት ለጥቂት ወራት ይቆያል። ቢ12 ግን በዋናነት ጉበት ውስጥ ስለሚከማች ምንም አዲስ ባይገባ እንኳ ለዓመታት ሊያዘልቅ ይችላል። በዚህም የተነሳ የታያሚን እጥረት ፈጥኖ ይጥላል፤ የቢ12 እጥረት ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ፣ ዓመታት ወስዶ ይመጣል።

የታያሚን ታሪክ ራሱን ችሎ የሚነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት፣ ቤሪቤሪ የሚባል በሽታ ወታደሩንና እስረኛውን ይጨርስ ነበር፤ እግር ይዝላል፣ ሰውነት ያብጣል፣ ልብ ይደክማል። ክርስቲያን አይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም የበሽታውን ተሕዋስ ሲፈልግ ሳለ የቤተ ሙከራው ዶሮዎች ተመሳሳይ በሽታ ያዛቸው፤ ከዚያም ምንም ሳይደረግላቸው ዳኑ። ነገሩ ሲጣራ ዶሮዎቹ የታመሙት ከወታደራዊው ሆስፒታል ማእድ ቤት የተረፈ የተፈተገ ነጭ ሩዝ በሚበሉበት ጊዜ ነበር፤ የዳኑት ደግሞ አዲስ የመጣው ወጥ ቤት «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አልሰጥም» ብሎ ስለከለከላቸውና ወደ ያልተፈተገ ሩዝ ስለተመለሱ ነው። በዚያ ግትር ወጥ ቤት ምክንያት የተጀመረው ምርምር፣ በሽታው ከእህሉ ቅርፊት ጋር ተፍቆ በሚወገድ ነገር መጉደል የሚመጣ መሆኑን አሳየ፤ አይክማንም እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ጤፍ በዚህ ረገድ ባለውለታችን ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ቅርፊቱን ለይቶ መጣል አይቻልም፤ እንጀራ የሚበላ ሰው እህሉን ከነሙሉ ሀብቱ ይበላል። እርሾው ውስጥ ያሉት ደቂቅ ነፍሳትም ሊጡ ሲቦካ አንዳንዶቹን ቢ ቫይታሚኖች ራሳቸው ይሠራሉ። ስንዴ ግን በፋብሪካ ተፈጭቶ ፉርኖ ዱቄት ሲሆን የቫይታሚኑ ትልቁ ድርሻ በፉርሽካው ውስጥ ይቀርና ለከብት መኖነት ይሸጣል፤ ላሚቱ ከባለቤቷ የተሻለ ታያሚን ትበላለች ማለት ነው። ቁርሱ ዳቦ በሻይ፣ ምሳው ፓስታ፣ እራቱ ሩዝ የሆነ ከተሜ እየበዛ ሲሄድ ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይሆንም። አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ አንዲት ትንሽ ማሳሰቢያ ትኖራለች፦ እዚያ የሚሸጠው አብዛኛው ነጭ ሩዝ ቫይታሚን ከላዩ የተቀባ ስለሆነ እኛ እንደለመድነው ደጋግሞ ማጠብ የተጨመረውን ታያሚንና ፎሊክ አሲድ ከውኃው ጋር ይደፋዋል።

የታያሚን እጥረት ዛሬ በብዛት የሚታየው ምግብ ትቶ አረቄ ላይ በሚውል ሰው እና ጽኑ የእርግዝና ትውከት ለሳምንታት ምግብ በከለከላት ሴት ላይ ነው። ግራ መጋባት፣ የዐይን እንቅስቃሴ መዛባትና መንገዳገድ አንድ ላይ ከታዩ ለነገ የማይባል የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ አንጎል ሊጎዳ የሚችለው በቀናት ውስጥ ነውና።

ስለ ቢ2፣ ቢ3 እና ቢ5 በዕለት ኑሯችን ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። የናያሲን እጥረት በአንድ ወቅት ያልተዘጋጀ በቆሎን ዋነኛ ምግባቸው ባደረጉ ድሆች ዘንድ ፔላግራ የተባለውን የቆዳ፣ የሆድና የአእምሮ በሽታ አስከትሎ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ዛሬም ምግብ በሌለበት የችግር ቦታ ብቅ ይላል። ጥራጥሬ፣ እህል፣ ለውዝና አልፎ አልፎ ሥጋ የሚቀርብበት ገበታ ግን ሦስቱንም ይሸፍናል። የኢትዮጵያ ገበታ በእውነት የሚፈተነው በሁለቱ ነው፤ በፎሌትና በቢ12።

ፎሌት ስሙን ያገኘው ከላቲኑ የቅጠል መጠሪያ ነው። ያለ እርሱ ሕዋሳት የዘር መመሪያቸውን ቀድተው መከፈል አይችሉም፤ ስለዚህም እጥረቱ ቀድሞ የሚታየው ፈጥኖ በሚባዛ ነገር ላይ፣ ማለትም በደምና በፅንስ ላይ ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቦምቤይ ሄዳ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ድሆች እርጉዞችን የሚይዘውን ብርቱ ደም ማነስ በእርሾ ቅምር ማዳን እንደሚቻል ያሳየችው፣ ቫይታሚኑ ገና ስም ሳይወጣለት ነበር።

ፎሌት በእኛ ማእድ ቤት ሞልቷል፤ ግን የሚጠፋበት መንገድም እዚያው ነው። አንድ ስኒ ሙሉ የተቀቀለ ምስር ወደ 350 ማይክሮ ግራም ፎሌት ይይዛል፤ ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚመከረው 400 ነው። ሽምብራ፣ ባቄላና አተርም ደህና ምንጮች ናቸው። ምስር ወጥና ሽሮ የተቀቀሉበት ውኃ እዚያው ወጡ ውስጥ ስለሚቀር ወደ ውኃው የወጣው ቫይታሚን አይጣልም። ጎመን ግን ብዙ ጊዜ ተቀቅሎ፣ ከውኃው ወጥቶ፣ በሁለት እጅ ተጨምቆ ነው ለወጥ የሚከተፈው፤ በጣቶች መካከል የሚፈስሰው ያ አረንጓዴ ውኃ ከፎሌቱ ትልቁን ክፍል ይዞ ወደ ቦይ ይወርዳል። በጥቂት ውኃ አብስሎ ውኃውን እዚያው እንዲመጥጥ ማድረግ፣ ወይም ጎመኑን ሳይቀቅሉ በቀጥታ በሽንኩርቱ ላይ ማብሰል ቀላሉ መፍትሔ ነው። ምሬቱ ይበዛል የሚል ሰው አለ፤ የቅመም ጉዳይ ነው።

ምስር የማይጠፋበት አገር ሆኖ ሳለ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች በወሊድ ዕድሜ ክልል ያሉ ብዙ ሴቶች የፎሌት መጠናቸው ዝቅተኛ መሆኑን፣ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥርም ከብዙ አገሮች የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የገበታው ማነስ ነው፤ ብዙ እንጀራ በጥቂት ወጥ የሚበላ ሰው የምስሩን ስኒ አይሞላውም። ሌላው ደግሞ በምግብ ውስጥ ያለው ፎሌት በሙቀት የሚጠፋና ሰውነት በከፊል ብቻ የሚወስደው መሆኑ ነው፤ በኪኒን የሚዘጋጀው ፎሊክ አሲድ በተሻለ መጠን ወደ ደም ይገባል።

የጊዜው ጉዳይ ከመጠኑም ይብሳል። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ተጣጥፎ የሚዘጋው ከፅንሰቱ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም፤ የወር አበባዋ ከዘገየ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ የምትቀበለው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደሟ እጅግ ይጠቅማታል፤ የቱቦውን መዘጋት ግን አይደርስበትም። ስለዚህ የሚመከረው፣ ለማርገዝ ከታሰበበት ጊዜ ጀምሮ፣ ቢቻል ከአንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መጀመርና እስከ 12ኛው ሳምንት መቀጠል ነው። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለደች እናት ከዚህ አሥር እጥፍ የሚደርስ መጠን በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የታተመው ጥናት ይህ መጠን የችግሩን መደጋገም በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴትም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማነጋገር አለባት፤ መድኃኒቱን ግን በራሷ ማቋረጥ የለባትም።

ወደ ቢ12 ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ፎሌት ከቅጠልና ከጥራጥሬ ሲገኝ፣ ቢ12ን ምንም ዓይነት ዕፀዋት አይሠራውም፤ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው። ላምና በግ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስለሚሠሩላቸው በሥጋቸው፣ በወተታቸውና ከሁሉ በላይ በጉበታቸው ያከማቹታል። የሰው አንጀትም ውስጥ ቢ12 የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የሚገኙት ግን ቫይታሚኑ ከሚመጠጥበት የትንሹ አንጀት ጫፍ በታች ስለሆነ የሠሩት ሳይጠቅመን ያልፋል።

ቫይታሚኑ ከምግብ ወደ ደም የሚደርስበት መንገድ ረጅምና በብዙ ቦታ ሊሰበር የሚችል ነው። መጀመሪያ የጨጓራ አሲድ ከሥጋው ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ኢንትሪንሲክ ፋክተር የተባለ፣ የጨጓራ ግድግዳ የሚያመነጨው አጃቢ ፕሮቲን ይዞት ይጓዛል፤ በመጨረሻም በትንሹ አንጀት ጫፍ ያለው በር የሚከፈተው ለአጃቢው ነው እንጂ ለብቻው ለመጣ ቫይታሚን አይደለም። ይህ አጃቢ መኖሩን ያሳየው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ካስል በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያደረገው ሙከራ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚፈቅደው አይደለም፤ እምብዛም ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ራሱ ይበላና ከአንድ ሰዓት በኋላ አስመልሶ፣ በቱቦ ለታማሚዎቹ ይሰጥ ነበር። ሥጋው ብቻውን ያላዳናቸው ሰዎች ከጤነኛ ሰው ጨጓራ ጋር የተዋሃደው ሥጋ አዳናቸው።

አጃቢው በአንድ ጊዜ ሊያሳልፍ የሚችለው ወደ 2 ማይክሮ ግራም ገደማ ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚመከረው 2.4 ማይክሮ ግራም ነው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 1.2፣ አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮ ግራም ያህል ይሰጣሉ። የበዓል ዱለት ውስጥ ያለው ጉበት የብዙ ቀን መጠን ቢይዝም ሰውነት ከዚያ ማእድ የሚወስደው የተወሰነውን ብቻ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ በሬ ከመቃረጥ ይልቅ በፍስክ ሳምንት ጥቂት ጥቂት ወተት፣ እርጎና እንቁላል ማዘውተር ለቢ12 የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጾም የሚነሳው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትንና ሌሎቹን ቢደምር በዓመት ወደ 180 ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ይከለከላል። ጾሙ በራሱ ጤነኛ ጎልማሳን ለቢ12 እጥረት ይዳርጋል ማለት ግን ትክክል አይደለም፤ የጉበት ክምችት ለዓመታት የሚበቃ ከሆነ 55 ቀን የሚቆይን ጾም ይሻገራል፤ ጾሙ ሲፈታም ይሞላል። ችግሩ ያለው ጾሙ ሲፈታ የሚሞላው ነገር በሌለበት ቤት ነው። ወተቱ ተሸጦ ለሌላ ወጪ በሚውልበት፣ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ በሚቀመስበት ቤተሰብ ፍስኩም ከጾሙ ብዙ አይለይም፤ ይህ ደግሞ ሃይማኖት ሳይለይ ድህነት ባለበት ሁሉ ያለ ነው። ቢ12 ያነሳት እናት የምታጠባው ሕፃን ክምችት ሳይዝ ተወልዶ ከወተቷም ስለማያገኝ እድገቱ ሊገታና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከነፍስ አባታቸውም ከሐኪማቸውም ጋር ተመካክረው መወሰን ይኖርባቸዋል። ሙሉ በሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የተወ ሰው ደግሞ ኪኒን ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ግድ ይለዋል። ሊጡ ስለቦካ ብቻ እንጀራ በቢ12 ይተማመኑበታል ማለት አይቻልም።

በሌላ በኩል ሥጋ እየበላ የሚጎድልበት ሰው አለ። ዕድሜ ሲገፋ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። ኦሜፕራዞልን ለዓመታት የሚወስድ የጨጓራ ታማሚ አሲዱን በመድኃኒት ያጠፋል። ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ደግሞ በረጅም ጊዜ የቢ12 አመጣጠጥን ያውካል።

አክስቴ ሜትፎርሚን ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። ሌሊት እግሬን ከብርድ ልብስ ውጭ ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ውስጡ ፍም ያለበት ይመስላል ትል ነበር። ሁላችንም «የስኳር ነገር ነው» ብለን ተውነው፤ ስኳር ራሱ ነርቭን ስለሚጎዳ ግምታችን መሠረት አልባ አልነበረም። በስተመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም የቢ12 ምርመራ አዘዘችላት፤ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሕክምናው ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ማቃጠሉ ቀለለላት፤ የአውራ ጣቶቿ መደንዘዝ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቢ12 በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ ነርቮችን የሚሸፍነው ልባስ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል፤ ልባሱ ከተላጠ በኋላ የሚመለሰው በዝግታ ነው፤ ብዙ የዘገየ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ምላስ ልሙጥ ሆኖ መቅላትና ማቃጠል፣ አዲስ የመጣ መርሳት፣ እነዚህ በተለይ በሜትፎርሚንና በኦሜፕራዞል ተጠቃሚዎች ላይ ሲታዩ በዕድሜ ወይም በስኳር ብቻ መሳበብ የለባቸውም።

ፎሌትና ቢ12 ደም በመሥራት ሥራ አንዱ ከሌላው ጋር የተቆላለፉ ናቸው፤ ይህም አንድ ወጥመድ ይፈጥራል። የሁለቱም እጥረት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ ያሳድጋቸዋል፣ ቁጥራቸውንም ይቀንሳል። ቢ12 የጎደለው ሰው ብዙ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢወስድ ደሙ ሊስተካከል ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ይቀጥላል። የደም ማነሱ ስለጠፋ ማንቂያው ደወል ጠፍቷል፤ እሳቱ ግን አልጠፋም። «ደም ማነስ አለብህ» የተባለ ሰው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያጣራ ጎረቤት የጠቆመውን ኪኒን መዋጥ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስማ በየትኛውም ቢ ቫይታሚን አይድንም።

«ትርፉ በሽንት ይወጣል፣ አይጎዳም» የሚለው አባባልም ሁልጊዜ አይሠራም። ቢ6 እዚህ ላይ የሚጠቀስ ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ1.3 እስከ 1.7 ሚሊ ግራም ይበቃዋል፤ «ለነርቭ» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ቅልቅሎች ግን በአንዲት ኪኒን 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም ይይዛሉ። ይህን ያህል መጠን ለወራትና ለዓመታት መውሰድ ራሱ የእጅና የእግር መደንዘዝ ያመጣል፤ ታማሚው ድንዛዜው ሲብስበት መጠኑን ይጨምራል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለጎልማሶች የቀን ጣሪያውን 12 ሚሊ ግራም አድርጎታል። ይህ ማለት ቢ6 ራሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ቢ6ን ስለሚያባክንበት ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሊታዘዝለት ይችላል፤ ያቺን ትንሽ ኪኒን «ቫይታሚን ብቻ ናት» ብሎ መተው ነርቭን ያስጎዳል። ባዮቲንም እንዲሁ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በከፍተኛ መጠን ይወሰዳል፤ እጥረት በሌለበት ሰው ፀጉር እንደሚያሳድግ አጥጋቢ ማስረጃ የለም። የታወቀው ጉዳቱ ግን የታይሮይድና የልብ ድካም ምርመራን ጨምሮ አንዳንድ የላቦራቶሪ ውጤቶችን ማሳሳቱ ነው። ለምርመራ ደም ከመስጠት በፊት ባዮቲን እንደሚወስዱ መናገር አስፈላጊ ነው።

ወደ ቀዩ መርፌ ልመለስ። አጃቢው ፕሮቲን ጭራሽ በጠፋበት፣ የነርቭ ጉዳት በጀመረበት ወይም አንጀት በቀዶ ጥገና በወጣበት ሰው መርፌው ተገቢ ጅምር ነው። ለብዙው ሰው ግን በቀን 1,000 ማይክሮ ግራም የሚይዝ የቢ12 ኪኒን ይበቃል፤ ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶ ያህሉ ያለ አጃቢ በራሱ ሰርጎ ስለሚገባ፣ ያ አሥር ማይክሮ ግራም ከዕለቱ ፍላጎት በላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ወሳኝ ነው፦ የደም ምርመራው ከመርፌው በፊት ይሁን። አንዴ ከተወጋ በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን ስለሚንር እጥረት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለማወቅ ያስቸግራል፤ ሰውየውም ሕይወቱን ሙሉ መቀጠል ይገባው እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

ከግለሰቡ አልፎ መንግሥታት የመረጡት መንገድ ቫይታሚኑን በዱቄት ውስጥ መጨመር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገድዳለች፤ ከዚያ ወዲህ በህብለ ሰረሰር ክፍተት የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በግልጽ ቀንሷል። ኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች ማበልጸግን አስገዳጅ አድርጋለች። ሆኖም ይህ የሚደርሰው የፋብሪካ ዱቄት ለሚገዛው ነው። ጤፏን፣ ገብሷን ወይም በቆሎዋን በአህያ ጭና መንደር ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ ሴት ዱቄቷ ውስጥ ቫይታሚን የሚጨምርላት የለም። ጨውን በአዮዲን ብቻ ሳይሆን በፎሊክ አሲድም ማበልጸግ ይቻል እንደሆነ በአገራችን የሚሞከረው ለዚህ ነው፤ ጨው ከገበያ የማይገዛ ቤት የለምና።